ባሌን ለውሾች ያከራየሁበት ዋጋ

ባሌን በወር ስድስት መቶ ብር ለሁለት ውሾች ያከራየሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የተከራከርኩትም፣ ዋጋውን የቆረጥኩትም፣ መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ይሁን» ያልኩትም እኔው ራሴ ነኝ። እሱማ አጥሩን ተደግፎ በጭራሮ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ባሌ ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን መጥቶ ፍኖተ ሰላም የአንድ ነጋዴ እህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። እኔ በርበሬ እነግዳለሁ። ከቡሬና ከሽንዲ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ እገዛለሁ፣ ከሴቶች ጋር ቀንጥሼ እሸጣለሁ። ልጅ አልሰጠንም። ቤታችን የሣር ክዳን ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፣ በርበሬዬም ይሻግትብኛል። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ቆርቆሮ ሲያለብሱ እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። ቅናት እንግዲህ የጀመረኝ በውሻ አይደለም፣ በቆርቆሮ ነው።

ከጎናችን የሚኖረው ሹፌር ቡሬ አጠገብ ለእርሻ ሥራ ለመጡ ፈረንጆች፣ ለባልና ሚስት፣ ይነዳ ነበር። አንድ ቅዳሜ መጣና፣ «ሰዎቹ ሦስት ወር አገራቸው ሊሄዱ ነው፤ ውሾቻቸውን የሚይዝላቸው ሰው ፈልግ ብለውኛል» አለኝ።

«ዘበኛ የላቸውም እንዴ?»

«ዘበኛው የሚጠብቀው በሩን ነው። እነሱ የሚፈልጉት ከውሾቹ ጋር የሚኖር ሰው ነው፤ እዚያው ቤት ውስጥ የሚያድር።»

«ውሻ ቤት ውስጥ ያድራል?»

«ሴቷማ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው» አለኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሹፌሩ ባሌን ያሰበው ያለ ነገር አልነበረም። የመጋዘኑ ውሻ ሰው አያስጠጋም፤ ባሌን ሲያይ ግን ጅራቱን እየቆላ እግሩ ሥር ይተኛል። ምን እንደሚያደርገው እንጃ።

በማግስቱ ሦስታችንም ቡሬ ሄድን። የአባቴ ቤት ብዙ ከብት ስለነበረው እረኛ እንዴት እንደሚቀጠር እያየሁ ነው ያደግሁት። ለእረኛ ደመወዙ፣ ልብሱ፣ ጫማው፣ ለበዓል እናት አባቱ ዘንድ የሚሄድበት ቀን፣ ሁሉም በቅድሚያ ይቆረጣል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ለሹፌሩ፣ «ውሾቹ ሁለት ናቸው፤ በራስ ይቆጠርልን በላት። ሁለት ከብት የሚያግድና አንድ የሚያግድ እኩል አይከፈለውም» አልኩት። ሲተረጉምላት ፈረንጂቱ ከት ብላ ሳቀች። ለአንዱ ውሻ ሦስት መቶ ሆነ። ባሌ ሌቱን ሙሉ መጋዘን ጠብቆ በወር የሚያገኘው መቶ ሃምሳ ነበር። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ተኮሳትሬ፣ «ጋቢና ጫማስ?» አልኩ። እሱም ተጨመረ።

ከዚያ ወረቀት ወጣ። ሹፌሩ እያነበበ ተረጎመልን። ውሾቹ አይታሰሩም። ጠዋትና ማታ ይንሸራሸራሉ። ወንዱ ሽማግሌ ስለሆነ መድኃኒቱ በሥጋ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። አጥንት ክልክል ነው። የመጨረሻው፣ «በየቀኑ ያናግሯቸው፤ ዝምታ ያሳዝናቸዋል» ይላል።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ባሌ ቀኑን ሙሉ የሚያወጣው ሦስት ቃል ነው። «አለ»፣ «የለም»፣ «እንግዲህ»። «ለዚህኛው ሥራ ሌላ ሰው ይቀጠር» አልኩ። እሱም ፈገግ አለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «ለፋሲካ ቤቱ መጥቶ ይፈስካል» አልኩ። ፈረንጂቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ውሾቹ አንድ ቀንም ብቻቸውን አያድሩም። በዓሉን ከተወላቸው መቶ ብር እጨምራለሁ አለች። መቶ ብር ያኔ ሁለት ቆርቆሮ ነው። ባሌን ዞር ብዬ አየሁት።

«አንቺ ካልሽ» አለ።

በዓላችንን እንደዚህ ሸጥኩት።

በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ግማሹን ጣሪያ አለበስኩት፣ በሁለተኛው ጨረስኩት። ሹፌሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወሬ ያመጣልኛል። ሁዳዴ ጾም ነው፤ ሴቶቹ በርበሬ እየቀነጠሱ፣ «ባልሽ በሁዳዴ ሥጋ ይቀቅላል አሉ» ይሉኛል። ቢጨንቀኝ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

«በላ ወይስ አበላ?» አሉኝ።

«አበላ እንጂ አልበላም፣ አባ።»

«እንግዲያውስ እሱ ከኛም በላይ ጾሟል። ሥጋ እየሸተተው የሚጾም ስንቱ ነው? ይልቅስ አንቺ ምላስሽን አስጹሚልኝ» አሉኝ። አባ ያውቁኛል።

ያቃጠለኝ የሥጋው ወሬ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ሹፌሩ፣ «ባልሽ ወሬኛ ሆኗል» አለኝ።

«የትኛው ባሌ?»

«ቀኑን ሙሉ ውሾቹን ሲያወራቸው ነው የሚውለው። ሰሞኑን ስለ ጦርነቱ ይነግራቸው ነበር፤ ስለ ምሽጉ፣ እጁ ላይ ስለሞተው ጓደኛው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ሴቷ ጭኑ ላይ ተኝታ። እኔ ራሴ ቆሜ ሰማሁት።»

እርር ድብን አልኩ። እኔ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ጀምሮ አሥር ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። በእንቅልፉ ሲባንን ውኃ የማቀርብለት እኔ ነኝ። «ምን አየህ?» ስለው «እንግዲህ» ብሎ ይዞራል። እጁ ላይ የሞተ ጓደኛ እንደነበረው የሰማሁት ከሹፌር ነው፣ ሹፌሩም የሰማው ለውሻ ሲነገር ነው። የዚያን ቀን አዲሱ ቆርቆሮ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ቤቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አየሁ።

የፋሲካ ማግስት ዶሮ ወጡን በአገልግል ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ፈረሰኛውን፣ የአባወራውን ብልት፣ ለይቼ ከላይ አድርጌለታለሁ። ባል ቢሸጥም ፈረሰኛው የሱ ነው። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ግቢው ውስጥ ማንም አይታይም። ከቤቱ ጀርባ ድምፁን ሰማሁ፤ ስሜን እየጠራ ነው።

ስሜ ስል መታወቂያዬ ላይ ያለውን አይደለም። ሙሽራ ሆኜ ከሽንዲ ወዲያ ያለው የአባቱ ቤት ስገባ፣ አማቴ እንደ አገሩ ወግ አዲስ ስም አወጡልኝ። በዚያ ስም አማቴ ይጠሩኝ ነበር፣ እሱም ይጠራኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ «አንቱ» እለው ነበር። አማቴ ከሞቱ ወዲህ ያንን ስም የሚያውቅ ሰው ከባሌ በቀር የለም። «የእገሌ እናት» የሚያሰኘኝ ልጅ የለኝም፤ ያ ነበር ስሜ። እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ተወስዶብኛል፣ ይበቃል።

«አቤት» አልኩ። ከዓመታት በኋላ አፌ ራሱ ነው ያወጣው። የፋሲካን ቀን ናፍቄው ውያለሁ ማለት ነው፣ ድምፄን ሳይሰማ እንኳን ይጠራኛል ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ።

ከኋላዬ አንዲት ጆሮዋ የተንዘረፈፈ ቡናማ ውሻ ቱር ብላ ወጣች። በእግሬ ሥር አልፋ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች፤ ተከትያት ብሄድ ጉልበቱ ላይ ወጥታለች። እሱም ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ያንኑ ስም ደገመላት፣ ቀስ ብሎ። ቀና ሲል እኔን አየኝ። አገልግሌን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀርቻለሁ።

«ስሜን ለውሻ?» አልኩት።

«የፈረንጅ ስሟ አፌ ላይ አልያዝ አለኝ።»

«ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? የዚህ አገር ስም ሁሉ አለቀ?»

የውሻዋን ጆሮ ደባበሰ። ውሻዋ እኔንም እሱንም በየተራ ታየናለች። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ከተማ እንደገባን በርበሬ ቀንጣሾቹ ፊት ብጠራሽ፣ ‹እንደ ባላገር በሙሽራ ስሜ አትጥራኝ፤ ሰው ይስቅብኛል› አልሽኝ። ተውኩ። አፌ ግን የለመደው እሱን ነው። እሷ አታፍርም፤ ስጠራት ትመጣለች።»

በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተናግሮኝ አያውቅም። ደግሞም እውነት ነው። ብያለሁ። ሴቶቹ ሲሳሳቁ ፊቴ ቀልቶ፣ በቁጣ ነው ያልኩት። ያኔውኑ እኔም አንቱታውን ትቼ «አንተ» ማለት ጀመርኩ፤ ከተሜ መሆኔ ነበር። እሱ ከዚያ ወዲህ «ስሚ» ነው የሚለኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

እኔ ደግሞ ጥፋቴን ሲነግሩኝ እቆጣለሁ። አገልግሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከኋላዬ፣ «አጥንቱን እንዳታገኘው ከፍ አድርጊው፤ ወረቀቱ ይከለክላል» ሲል ሰማሁት። በዚያች ሰዓት!

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ፍኖተ ሰላም ሳለቅስ መጣሁ። ቀናሁ። በሴት ብቀና ኖሮ መላ ነበረው፤ ደጇ ሄጄ እሰድባት ነበር፣ ጠጉሯን እጨመድደው ነበር። ውሻን ምን ብዬ እሰድባለሁ? ውሻ ብላት ያው ውሻ ናት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሹፌሩ ገበያ ድረስ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ፈረንጆቹ አገራቸው ሌላ ሦስት ወር ሊቆዩ ነው፣ ደመወዙን እጥፍ ያደርጋሉ። ያ ብር የቤቱን መሬት ሲሚንቶ ያለብሳል፣ የበርበሬ መደብርም ያስከፍታል።

«እሱስ ምን አለ?» አልኩት።

«‹እሷ ካለች› አለ።»

እጄ በርበሬው ውስጥ እንደገባ ቀረ። «እሷ ካለች» ማለት ምን ማለት ነው? መቆየት ፈልጎ ነው? ወይስ ደግሜ እንዳልሸጠው እየጠበቀ ነው? ሰውዬው ለኔ ሲሆን ቃል አይተርፈው። አንድ ነገር ብቻ ታወቀኝ፦ አሁንም ቆራጯ እኔ ነኝ፣ አሁን «ይሁን» ካልኩ ግን ሁለተኛ የምመልሰው ባል የለኝም።

«አይሆንም» አልኩት።

ሹፌሩ እየተከራከርኩ መሰለው። «ስንት ይጨመር?»

«ምንም አይጨመር። ይምጣ።»

«ኧረግ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ይገኛል? ምን ሆነሽ ነው?»

«ጣሪያው አልቋል» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? በውሻ ቀንቻለሁ ልበል?

ግንቦት ሲያልቅ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። አገልግሌንም አጥቦ አምጥቶልኛል። ባዶ ነበር፤ ፈረሰኛውን ማን እንደበላው አልጠየቅሁም። ከዚያ እንደ በፊቱ፣ «አለ»፣ «የለም»፣ «እንግዲህ»። እኔ ጆሮዬን ጥዬ እጠብቃለሁ። እንዲጠራኝ አልለምነውም፤ ኩራቴ አልሞተ። አንዳንዴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እጁ ጭኑን ሲደባብስ አየዋለሁ፣ የሆነ ነገር የተኛበት ይመስል። ያኔ ወጡን አሳርራለሁ።

በሰኔ አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ከሴቶቹ ጋር በርበሬውን ደጅ ሰሌን ላይ አስጥተን ቤት ገባን። ዝናቡ ሳናስበው መጣ። ባሌ ደጅ ነበር። «ስሚ» ቢል በዚያ የቆርቆሮ ጩኸት ማን ይሰማዋል፤ ደግሞስ አምስት ሴት ባለበት «ስሚ» ማን ናት? ድምፁን ከፍ አድርጎ በሙሽራ ስሜ ጠራኝ።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«አቤት» አልኩ፣ ሁሉም እስኪሰሙ። እየሮጥኩ ወጣሁ። ሰሌኑን በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በአንዱ ጫፍ እኔ ይዘን አስገባነው። ሴቶቹ ሳቁ፤ ይሳቁ። ማታ ራት ሲቀርብ፣ ሳልጠይቀው፣ ስለዚያ ጓደኛው ነገረኝ። እጁ ላይ የሞተው የደምበጫ ሰው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሹፌሩ ሌላ ወሬ አመጣ። ባሌን የተካው ሰው ውሻዋን በፈረንጅ ስሟ ቢጠራት፣ ቢጠራት፣ ጆሮዋንም አላነቃነቀችም። ዘበኛው የኔን ስም ነገረው፣ በሱ ጠራት፣ መጣች። ፈረንጂቱም ስትመለስ ያንኑ ስም ተማረች። እየሰባበረች ትጠራታለች አለኝ። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። ስሜ አሁን ባሕር ማዶ በየጠዋቱ ይጠራል፣ አቤት የምትለውም እኔ አይደለሁም።

ባሌ ዛሬ ሸምግሏል። ያንን ስም ከዚያ ዝናብ ወዲህ ትቶት አያውቅም፤ ሰው ፊትም ቢሆን ይጠራኛል። እኔ ግን አቤት ከማለቴ በፊት እስከ ዛሬ ዞር ብዬ ከኋላዬ አያለሁ።