የጾም አረቄ

የመርሳው ፍራፍሬ ነጋዴ ካሳዬ ጾም ሽሮ አያውቅም። ይህን ማንም አይክደውም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ብዙ ሰው እንዳላየ የሚያልፈውን የሐዋርያትን ጾም ሳይቀር እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። ከግራና የመጣለትን ብርቱካን ፀሐይ ላይ ቆሞ እየመረጠ፣ ለወልድያ መኪና እያስጫነ፣ ከንፈሩ ደርቆ ይውልና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጁን ታጥቦ፣ አማትቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው አረቄ ቤት ጎራ ይላል።

«ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፤ አረቄ የጾም ነው» ይላል የመጀመሪያዋን መለኪያ እያነሳ። ሰው ይስቅለታል። እሱም ሲሳቅለት ደስ ይለዋል። ሁለተኛዋ ትከተላለች፣ ሦስተኛዋም። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ሆድ ላይ እሳት ማፍሰስ ምን የሚሉት ጽድቅ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቅርንፉድ እያኘከ ቤቱ ይገባል።

«ቀምሰሃል?» ትለዋለች ሚስቱ የሻረግ።

«ኧረ በማርያም! ዛሬስ አልነካኋትም።»

ቅርንፉዱ ይሸታታል። ራቱን ታቀርብለታለች። ሞኝ ሆና አልነበረም፤ መጨቃጨቁ ደክሟት ነው።

የሻረግ ከባሏ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አብረው መቁረብ። ሲጋቡ በሽማግሌ ተጋቡ፤ ሥጋ ወደሙን ለኋላ አቆዩት። እንደነሱ ያለ ብዙ ነው፤ ቁርባን የእርጅና ጉዳይ ይመስለዋል። ልጆቻቸው አድገው ወጡ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል «ዘንድሮስ?» ትለዋለች።

«አረቄዋን ልተውና» ይላታል።

የሚያናድደው፣ ይህን ሲል ከልቡ ነበር። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን እግሩ ወደለመደበት ይወስደዋል።

አምና የበላው አልረጋለት አለ። መጀመሪያ «ጨጓራዬ ነው» እያለ ተልባ ጠጣ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሲያስቸግረው ወልድያ ሄዶ ተመረመረ። ካንሰር መሆኑንና ጊዜው ማለፉን ነገሩት።

በዚያው ቀን አረቄውን ተወ። እንዲያው በአንድ ቀን! የሻረግ ይህን ስታይ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለካ መተው ይችል ነበር።

የንስሐ አባታቸው መምሬ አለሙ ቤት ድረስ መጥተው ንስሐውን ተቀበሉት።

«ልጄ፣ ኃጢአትህን እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። «ነገር ግን የሚያስመልሰው ሰው አይቆርብም፤ የተቀበለው ቅዱስ ነገር መሬት ይወድቃል። ከዋዜማው ጀምሮ ካላስመለሰህ፣ ከየሻረግ ጋር ና።» ለእሷ ብቻዋንም ቢሆን እንድትቆርብ ፈቀዱላት። እምቢ ያለችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ የካሳዬ ነጭ ጋቢ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በየእሑዱ ሳይለበስ ይታጠፋል። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ግን ሆዱ ጸጥ አለ። አንጀቱን እየቆረጠውም ቢሆን ምንም ሳይወጣ ነጋ። የሻረግ ለኪዳን ጸሎት ቀድማ ሄደች፤ ካሳዬን የጎረቤታቸው ልጅ ናስር በባጃጁ ሊያደርሰው ተስማማ። ናስር ጠጠሩን እየሸሸ በቀስታ ነዳ። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታይ ሲል ካሳዬ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከመንገዱ ዳር ጎንበስ አለ። የወጣው አረንጓዴ ውኃ ነው። ናስር ወገቡን ደግፎ ያዘው፤ ፊቱን አስታጠበው። የጋቢውን ጫፍ ትንሽ ነክቶት ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለው ናስር ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አንቱ ይቺን ቀን ስንት ወር ጠበቋት። ወላሂ ከኔ አፍ አይወጣም።»

ካሳዬ ተመልሶ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ማን ያውቅበታል? ዛሬ ቅርንፉድ እንኳ አያስፈልገውም። የቀረው መንገድ እንዲህ አጥሮበት አያውቅም።

የሻረግ ከቅጽሩ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ነጭ በነጭ ለብሳለች። እንዲህ ደስ ብሏት ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«አላስመለሰህም አይደል?»

ያው የድሮው ጥያቄ ነበር። የሚያድነው መልስም ያው የድሮው «ኧረ በማርያም!» ነበር።

«አስመለሰኝ» አላት። «አሁን፣ መንገድ ላይ። አንቺ ግቢ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን ግቢ፣ የሻረግ። በኔ የተነሣ ዕድሜሽን ሙሉ ደጅ ቆየሽ።»

አፉን አላሸተተችም። ከተጋቡ ጀምሮ ቃሉን እንዲሁ ያመነችው ያን ጠዋት ብቻ ነው። ግንባሩን ሳመችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ካሳዬ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰማ። ሲያልቅ የሻረግ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። የቆረበ ሰው ወዲያው አያወራም። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ነው?» አላት፣ እንደ ልጅ። «የሻረግ፣ እንዴት ነው?»

ልትመልስለት አትችልም። እንባዋ ብቻ በነጠላዋ ላይ ይወርዳል። ካሳዬ ሊጠርግላት የጋቢውን ጫፍ አነሳ፤ ትውከቱ የነካው ጫፍ መሆኑን ሲያይ አጥፎ ሸሸገውና በንጹሑ በኩል ጠረገላት።