ልጄ ብሎክ ያደረገቻት ጓደኛዋ

ዛሬ ከሰዓት ፊልሙ ገና ሳያልቅ ልጄ ማህሌት ብድግ ብላ፣ «እማዬ፣ ብሎክ የተደረገ ሰው እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለችኝ።

እዚህ ላሊበላ ቤታችን ሆነን የአንድ አስቂኝ የአኒሜሽን ፊልም ክፍል ሁለትን እያየን ነበር። በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ስለተጠፋፉ ሁለት ጓደኛሞች ነው። እስኪገናኙ የማይሆኑት ነገር የለም።

አባቴ መጀመሪያ «ካርቱን የልጅ ነው» ብለው ፊታቸውን አዙረው ነበር። ከሁላችን በላይ የሳቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ማህሌት ያን ጥያቄ ያመጣችው ስትስቅ ቆይታ ድንገት ነው። አብሮ አደጓ ሐያት ክረምት ላይ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛውራለች። በእኔ ስልክ ይጻጻፉ ነበር። አንድ ቀን ሐያት ከአዲስ ጓደኞቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ብትልክላት የእኔዋ ቀንታ ዘጋቻት።

ስልኩ የእኔ፣ ኩርፊያው የእሷ፤ እኔ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው!

ብሎኩን ካነሳንላት በኋላ ለመደወል ፈራች። «ብትቆጣኝስ?» አለች።

አባቴ ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ፣ «ትቆጣሽ! ባትወድሽ መች ትቆጣለች?» አሏት።

ደወለች። ሐያት አነሳችው።

«የታመምሽ መስሎኝ በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግልሽ ነበር እኮ!» አለች ሐያት።

ልጄ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያማ ወሬው መቼ ያልቃል! ለእረፍት እዚህ እንድትመጣ ሁሉ ተቀጣጥረዋል። ፊልሙን የጨረስነው እኔና አባቴ ነን።

እናንተስ፣ በስልክ ተኳርፋችሁ በስልክ የታረቃችሁት ጓደኛ አላችሁ? እስኪ ማን ቀድሞ እንደደወለ አጫውቱኝ።