የወርቄ መደበቂያ

ወርቄ በእንጦጦ ደን የእግረኛ መንገድ መሀል ለመሀል ስትሄድ ያ ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደኑን የምታውቀው በጓሮ በኩል ነው። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ካለው ቤቷ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣና የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ከራሷ የሚከብድ ሸክም ተሸክማ ልትሸጥ ወደ ቀበና ትወርድ ነበር። ደኑ ጥብቅ ስለሆነ መልቀም ክልክል ነው። ስለዚህ የሥራው ግማሽ መልቀም፣ ግማሹ መደበቅ ነበር፤ በመደበቅ ደግሞ ወርቄን የሚስተካከላት አልነበረም።

ያን ሁሉ ዓመት ሲያሳድዳት የኖረው የደን ጥበቃው ቀነኒሳ ነው። ፊሽካው ከሩቅ ሲጮኽ ወርቄ ውሃ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ ትሰርጋለች። ሰውየው አንድም ቀን አልያዛትም።

አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። የደኑ ጽሕፈት ቤት አካባቢውን የሚያውቁ ሴቶችን በአስጎብኚነት እቀጥራለሁ ሲል ከሁሉም ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። የቀራት አንድ የሙከራ ቀን ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ከመንገዱ መውጣት የለም፣ እንግዳ መጣል የለም። ካለፈች ባጅና የወር ደመወዝ፣ ከወደቀች ተመልሳ ወደ ሸክሟ። ፈታኙ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«እኔ ከኋላ እከተላችኋለሁ» አላት ቀነኒሳ፣ ጠዋት ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ሲገናኙ። «ፊሽካ ስነፋ ባላችሁበት ቁሙና ጠብቁኝ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል፣ ጋሽ ቀነኒሳ።»

ጆሮዋ በእርግጥም ሰምቷል። እግሯ ግን አልሰማም ነበር።

እንግዶቹ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ሃይሚ፣ ኢልሃም እና ክንድ የሚያህል ሌንስ ያንጠለጠለው ይድነቃቸው። ይድነቃቸው የምኒልክ ድኩላ ፍለጋ ሲወጣ ይህ ስድስተኛው ነው፤ እስካሁን ያገኘው ኮቴ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወጡ፣ ወረዱ። ቆቅ አዩ፣ ሽኮኮ አዩ፣ ኢልሃምም ጫማዋ ተረከዟን እንደላጣት ደጋግማ አስታወቀች።

«ማዘር፣ ድኩላው ዛሬ ኦፍ ነው እንዴ?» አለች ሃይሚ።

«ድኩላ ወሬ ካለበት አይመጣም» አለች ወርቄ እየሳቀች።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከኋላቸው ፊሽካው ጮኸ።

«ተኙ» አለች ወርቄ።

ያለችው በሹክሹክታ ነው፤ ለምን ለማለት ግን ማንም ጊዜ አላገኘም። ኢልሃምን በክንዷ፣ ሃይሚን በሻርፗ ይዛ ከመንገዱ ወረደችና በቀጋው ቁጥቋጦ ሥር ሾልካ ከጀርባው ካለችው ጎድጓዳ ገባች። ይድነቃቸው ካሜራውን አቅፎ እየተንከባለለ ደረሰ። አራቱም በደረታቸው ተኙ። ወርቄ የሠራችውን ያወቀችው ትንፋሿ ሲመለስ ነው። ከመንገድ ወጥታለች፤ እንግዶቿን ጭቃ ላይ አስተኝታለች፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው ደግሞ ከገዛ ፈታኟ ለመደበቅ ነው። ፊቷ በኀፍረት ነደደ። በቃ፣ ባጁ ቀረ አለች በሆዷ።

«ማዘር፣ ወደ ታች ይዩ» አለ ይድነቃቸው ሌንሱን እያነሳ።

ከጎድጓዳው በታች ካለችው ምንጭ ዳር ጥቁር ወንድ ድኩላ አጎንብሶ ውሃ ይጠጣል። ወርቄን አልደነቃትም። ስንትና ስንት ቀን እዚሁ ተኝታ ቀነኒሳ እስኪያልፍ ስትጠብቅ እሱና ዘመዶቹ ሲጠጡ አይታለች። ይህን ለማየት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ኢልሃም ተረከዟን ረሳች። ይድነቃቸው ሳያቋርጥ ፎቶ ያነሳል።

«ወርቄ!» የቀነኒሳ ድምፅ ከቀጋው ማዶ መጣ። ድኩላው ቀና አለና ደኑ ውስጥ ገባ። የሰውየው ቦት አምስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አራት ሰው ጠፍቶበት ደንግጧል። ዝም ብትል ያልፋል፤ ሁልጊዜም አልፏል። በአቋራጭ ቀድማው መንገዱ ላይ ብትቆም ማን ያውቅባታል? ድንጋጤው ግን አንጀቷን በላት። ተነስታ ቆመች።

«አለሁ፣ ጋሽ ቀነኒሳ።»

ቀነኒሳ እሷን አየ፣ ቀጋውን አየ፣ ጭቃ የለበሱትን እንግዶች አየ።

«ያን ሁሉ ዓመት የምትደበቂው እዚህ ነበር?»

«አዎ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ እኮ ስንት ዓመት ምሳዬን የበላሁት እዚህች ቀጋ ሥር ቁጭ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ዓርብ ዓርብ ሽሮ ነበር።»

ቀነኒሳ ጉልበቱን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ይድነቃቸው ያነሳውን ፎቶ ሲያሳየው ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ይህን ያህል ቀርቦ እሱም አይቶት አያውቅም። የፈተናውን ወረቀት አውጥቶ ከመንገድ መውጣቷን መዘገበ፤ ደንብ ደንብ ነው። ከሥሩ ግን ቦታው መመልከቻ እንዲሆን፣ ወርቄም እንድትቀጠር ጻፈና ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ።

«አስጎብኚ ያለ ፊሽካ አይሄድም። እስቲ ሞክሪው።»

ወርቄ በሁለት እጇ ተቀብላ ነፋችው። ወዲያው ከታች ከባሕር ዛፉ መሀል ሦስት ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ወደ ቁጥቋጦው ሲበተኑ አየች። ፊሽካውን ከአፏ አወጣች።

«አትሩጡ፣ እኔ ነኝ! ወርቄ ነኝ!»

ከቁጥቋጦው አንድ ራስ ብቅ አለ። «ወርቄ? ያዙሽ እንዴ?»

ወርቄ ቀነኒሳን አየችው፤ ፊሽካውንም አየችው።

«አዎ» አለች እየሳቀች፣ «ዛሬስ ተያዝኩ።»