ሃምሳ አለቃ በላቸው ያልማሉት መሐላ

በ1928 ዓ.ም. የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ጠመንጃ አያያዝ ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ በላቸው ባለፈው ሐሙስ በቤታቸው ዐረፉ። የምናውቃቸውን ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናን።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የዘመቱበት፣ የቆሰሉበት፣ ኒሻናቸው ሁሉ ተነገረ። ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ተዘሏል። የዘለለው ሰው ለምን እንደ ዘለለውም አውቃለሁ፤ ፈርቶ ነው። እኔም እፈራለሁ። ልጆቼ «አባባ፣ የሞተ ሰው ምን ይነካካል፣ ይተዉት» ይሉኛል። አልተውም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ ወዲያ ነውና ጽሑፌ ቢጎረብጥ ታገሡኝ።

ሃምሳ አለቃ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር የሚኖሩት። ሚስት አላገቡም። ክንፈ ከሚባል ኮርቻ ሠሪ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ሰው። አንድ ጣራ፣ አንድ ማዕድ፣ ብዙ ዓመት። ሰፈሩ «ወንድማማቾች ናቸው» ይላል፤ ገሚሱ እየሳቀ፣ ገሚሱ ሳይስቅ። ከዘመቻው ቀደም ብሎ ክንፈ በሳንባ በሽታ ሞተ። ሃምሳ አለቃ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ፣ ሚስት ለባሏ እንደምታዝነው አዘኑ። ያኔ ነው ሳቁ ቆሞ ሹክሹክታው የጀመረው።

ሥራቸው እኛን ምልምሎቹን ማሠልጠን ነበር። ዓይናችንን በመቀነት አስረው ጠመንጃውን ያስፈቱናል፣ መልሰን እንድንገጥመው ያደርጉናል። ስንሳሳት አይመቱም፤ በዚያ ዘመን የማይመታ አለቃ ብርቅ ነው። መፍራቴን ያዩና «ፍርሃትህን ወደ እግርህ አውርደው፤ እግርህ እንዳይሸሽ እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ይሉኝ ነበር። ተስቦ ይዞኝ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ቤታቸው ወስደው አጥሚት ያጠጡኝ፣ ትውከቴን የጠረጉልኝ እሳቸው ናቸው። እስክድን እዚያው ሰነበትኩ። አባት ለልጁ ከሚያደርገው የተለየ ነገር አላየሁም።

ክተት ታወጀ። ከተማው ዳር ድንኳን ተክለን ሰፈርን፤ ወታደሩ ሁሉ ስንቅ ሊሸምት አራዳ ገበያ ወጣ። እኔም ሃምሳ አለቃን ተከትዬ ወጣሁ። ገብስ እያስሰፈሩ ሳለ ተሰማ የሚባል ከእኛው ጭፍራ የሆነ ፎካሪ መጣ። እሱም በሙሉ ድምፁ፣

«ሃምሳ አለቃ! ስንቅዎን ማን ይቆላልዎታል? ሙሽራው እንደሆነ ሞቷል!» አለ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ገብስ ለመቁላት ሚስት አያስፈልግም፣ ተሰማ። ለመቆርጠም ግን ጥርስ ያስፈልጋል። ያንተ ደግሞ በወሬ አልቋል።»

አሁን ሳቁ ወደ ተሰማ ዞረ። ተሰማ ደሙ ፈላ።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። «ይህ ሰው ከወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ነው! እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሃምሳ ወንድ አስከትሎ ይዘምታል? ድንኳን ውስጥስ ማን አጠገቡ ይተኛል?»

በዚያ ዘመን ከሳሽ «በሕግ አምላክ» ካለ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጋር ይቋጥራል፤ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ዳኛ ሳይፈታቸው መላቀቅ የለም። ተሰማም ቋጠረ። ከቋጠረ በኋላ ነው የገባው። የሰውየውን ነገር እንደ ተስቦ እየፈራ፣ ከሰውየው ጋር ታስሮ አራዳን ማቋረጥ ሊኖርበት ነው። ጨርቁ እስኪወጠር ድረስ ርቆ ይሄዳል፤ በራቀ ቁጥር ሰው ያያል። አንዲት በርበሬ ሻጭ፣

«እናንተ! ከሁለታችሁ ሚስቱ የትኛው ነው?» አለች።

«እኔ ከሳሽ ነኝ! ከሳሹ እኔ ነኝ!» አለ ተሰማ፣ ላቡ እየወረደ።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው፣ ጌታው!» አለ አንድ ተሸካሚ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። ከኋላቸው እየሄድኩ ስለ ራሴ አሰብኩ። በነጠላ ጫፍ የተያያዘ እንዲህ ከተባለ፣ እዚያ ቤት ታሞ የሰነበተ ምን ይባላል?

ፊታውራሪያችን ግቢያቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጭፍራውን ይቆጣጠሩ ነበር። ክሱን ሰሙና ፊታቸው ተኮማተረ፤ ጊዜም አልነበራቸው።

«በላቸው፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ጊዮርጊስ ይኸው እዚህ ነው። ደጁን ይዘህ ‹ሐሰት ነው› ብለህ ማል። ተሰማ ይገረፋል፣ አንተ ትዘምታለህ። ካልማልክ ጠመንጃህን ታስረክባለህ፣ አደባባይ ላይ ትገረፋለህ።»

ግርፋቱ ብቻ ቢሆን። ተገርፎ ለሚወጣ ሰው ውጭ የሚጠብቀው ድንጋይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀረብ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ይማሉ! በሞቴ ይማሉ!» አልኳቸው።

 ጊዮርጊስን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣

«ጌታዬ፣ ክንፈን እወደው ነበር። ሰው ሚስቱን እንደሚወድ» አሉ። «አልምልም። በሐሰት ምዬ ጠመንጃ ከያዝኩ ጦር ሜዳ የምፈራው ጠላትን ሳይሆን ራሴን ነው። ሸሽቼ የተገኘሁበት ቀን ካለ ተሰማ ይናገር። ከእጄ ሥር ካለፉት ልጆች ያስነወርኩት ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም።»

 ፊታውራሪ ወደ ተሰማ ዞሩ።

«ሲሸሽ አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«ልጅ አስነውሯል?»

«አልሰማሁም። ግን ጌታዬ፣ ክብራችን...»

«ክብርህን ጠላት ሲመጣ አሳየኝ።» ፊታውራሪ ወደ ሃምሳ አለቃ ተመለሱ። «እኔ ጭፍራ እንጂ ልብ አልመረምርም። ግን ከጎኑ የሚቆም የሌለው ሰው ለጦር ሜዳ አይሆነኝም። በላቸው፣ ዋስ ጥራ። ዋስህ ከድንኳንህ ገብቶ ከጎንህ ይሰለፋል። ካጣህ ፍርዱ ያው ነው።»

ሃምሳ አለቃ ጭፍራውን ተመለከቱ። ያበሏቸው፣ ያስተማሯቸው፣ ሲታመሙ የጠየቋቸው ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ደረሰ፤ ደርሶም ቶሎ ሸሸ። ሆን ብለው ነው ያሸሹት። እንዳልነካካ።

«ዋስ የለኝም» አሉ።

ደፋር ነበርኩ ብል ውሸት ነው።  የታጨችልኝ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ይህን ሲሰማ የሚለው ታየኝ። ተሰማና ድንጋዩም ታዩኝ። ግን ያ ዓይናቸውን ማሸሻቸው እልህ አስያዘኝ። እኔ ደግሞ እልህ ከያዘኝ በሬ አይመልሰኝም።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ቀጥኖ ወጣ።

ከኋላ አንዱ «ተስቦው አለቀቀውም!» አለ፤ ተሳቀ። ፊታውራሪ አልሳቁም። ቋጠሮውን አስፈቱ። ተሰማ የነጠላውን ጫፍ ሳያራግፍ ሄደ።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ ተቆጡኝ።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም።»

«ትፈራለህ?»

«በጣም።»

«እኔም» አሉ።  በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የእጮኛዬ አባት ቃሉን ማጠፉን ሰው ልኮ ነገረኝ።

ጋሼ በላቸው፣ ሌሎች የዘለሉትን እኔ በመጻፌ ቢቀየሙኝም አልመልሰውም፤ በፊታውራሪ ፊት ራስዎ ተናግረውታልና እኔ የምደብቀው በምን ሥልጣኔ ነው? ከዘመቻው ቆስለው ተመለሱ፤ ከእርስዎ ሥር ከነበርነው ማንም «ከጎኔ ጠፉ» ብሎ አያውቅም። ተሰማም ቢሆን። በሰላም ይረፉ። ከክንፈ ያገናኝዎ፤ እንዲህ ማለት ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን። በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ፤ ዋስ የሆንኩልዎ ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ልጥፋ ልጥፋ ሲለኝ ነው የነጋው። በማግሥቱ ጠዋት ግን ተነሣሁ፣ አቁማዳዬንና ቁርበቴን ተሸከምኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በጦር ሰፈሩ መሃል አልፌ ድንኳንዎ ገባሁ፤ ቁርበቴንም ከቁርበትዎ አጠገብ አነጠፍኩ።