ከጨዋው ልጅ ጋር በብረት ተራራ ላይ

ልጄን ሊያገባ የሚፈልገው ሰው ጨዋ ነው። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም። ሽማግሌ ወደ ቤቴ ለመላክ ፈቃዴን መጠበቅ ከጀመረ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል። እኔ ደግሞ ልጄ ነገሩን ባነሳች ቁጥር «አይምጡብኝ» እያልኩ ስመልሳት ቆይቻለሁ።

ሰው ምክንያቱን በራሱ ገምቶ ጨርሷል። የልጁ ቤተሰብ ከእኛ ኋላ የመጣ፣ እዚህ አገር ከገባ በኋላ ወደ አይሁድ ሃይማኖቱ የተመለሰ ነው። እኔ በአንድ ሌሊትና በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡት ነኝ። ጸሎት ቤት ውስጥ «ንቋቸው ነው» ይላሉ አሉ። ይበሉ። እኔ ራሴ ስናቅ ኖሬ፣ ንቀት ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ስለማውቀው ለሰው አላቀርብም።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ልጁ ለሁሉ ነገር «እሺ አባ» ይላል። ሻዩ ቀዝቅዟል ስለው እሺ፤ ሻዩ ያቃጥላል ስለው እሺ፤ ሻዩ ያው አንድ ብርጭቆ ነው። በር ላይ ስንደርስ ዘሎ ይከፍትና «ይቅደሙ አባ» ብሎ እንደ ምሰሶ ይቆማል። የገዛ ልጆቼ አንተ እያሉኝ፣ ስልካቸውን እያዩ በጎኔ ያልፋሉ፤ እሱ አንቱ ብሎኝ መሬት መሬቱን ያያል። ባለቤቴ ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ፊደል የለየሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ። ከዚያ በፊት ወረቀት ሁሉ በሰው አፍ ነበር የሚነበብልኝ፤ የሚያነብልኝ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ድምፁ ጣፋጭ ነው። ምስራድ፣ ማለት መሥሪያ ቤት፣ ስገባ ጸሐፊዋ ወንበር ስባ፣ ውኃ ቀድታ፣ «ምንም ችግር የለም፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርም» ትለኛለች። ማንበብ ስችል የፈረምኩትን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጣፍጥልኝ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አስጠጋለሁ።

ልጄ ነርስ ናት፤ ያመኛል ሳትሉ መርፌውን ወግታ የምትጨርስ ዓይነት። ባለፈው በጋ «አባ፣ አንተና እማ ውጭ አገር ወጥታችሁ አታውቁም፤ ሆላንድ ልውሰዳችሁ» አለችኝ። እኔ የተወለድኩት ጎንደር፣ የምኖረው አሽዶድ፤ ከሁለቱ ውጭ አገር የሚባለው የቱ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። ቢሆንም ተስማማሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ጨዋው ልጅ ሻንጣውን አጠገቡ አቁሞ እጁን አጣምሮ ይጠብቀናል።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«እሱም ሆላንድ ሊሄድ ነው» አለች ልጄ።

«ሆላንድ ሰፊ ነው። በሌላ በኩል ይሂድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ትኬቱ ተቆርጧል፤ ዝም ብለህ ግባ» አለች ባለቤቴ። ለካ እሷም ታውቃለች። ሦስቱ መክረው እኔን ከሻንጣው ጋር ነው የጫኑኝ።

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ስንመጣ የአውሮፕላኑ መቀመጫ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ነበር የተቀመጥነው። በዚህኛው ወንበር አለ። ወንበር መኖሩ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ በመስኮቱ በኩል ማን ይግባ በሚለው ጨዋው ልጅ «አንቱ ሳይቀመጡማ» እያለ አስተናጋጇ እስክትቆጣ ድረስ መተላለፊያውን ዘጋው።

ሆቴሉ ደግሞ ሁለት ክፍል፤ ሴቶቹ በአንዱ፣ ወንዶቹ በአንዱ። ከማን ጋር እንደማድር ሲገባኝ አጉረመረምኩ። ልጄ «ታዲያ አባ፣ ከእኔ ጋር ይደር?» ስትለኝ አፌን ዘጋሁ። እኔ ካልተኛሁ አይተኛም። እኔ ካልታጠብኩ አይታጠብም። የዚያን አገር ምግብ ስለማንበላ ከቤት ያመጣነውን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እኔ ካልቆረስኩ አይነካም። ሲርበው ዓይኑ እንቁላሉ ላይ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሆን ብዬ አዘገየሁበት። ጢሜን ተላጨሁ፣ ጫማዬን ጠረግሁ፣ በመስኮት አየሁ። አልተነጫነጨም። ይህም አናደደኝ።

ከዚያ መዝናኛ ፓርክ ወሰዱን። ለእኔ ሉና ፓርክ ማለት ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ የሰው ጃኬት ታቅፌ የምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ነው። ይሄኛው ግን ከተማ ነው። ሐይቅ አለው፣ ቤተ መንግሥት አለው። አንድ ሰውዬ በዚያ ሙቀት የድብ ልብስ ለብሶ እጁን ያውለበልባል። ሥራው ነው ብዬ አዘንኩለትና እኔም አውለበለብኩለት። ከሁሉ በላይ ያ ነገር ቆሟል። በዕብራይስጥ ራኬቬት ሃሪም ይሉታል፣ የተራራ ባቡር። ሆላንድ ተራራ የላትም፤ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ነው። እና ምን አደረጉ? ሰው ከላዩ እንዲወድቅበት ተራራ ከብረት ሠሩ። እኛ አገር ገደሉ በነፃ ነበር፤ ለመውደቅም ወረፋ የለውም።

ከሥሩ ቆመን ሳለ ባቡሩ በላያችን አለፈ። የሰው ጩኸት እንጂ የመንኮራኩር ድምፅ አይሰማም። ጨዋውን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ሲፈራ የለበሰው ሁሉ ይወልቃል። ጨዋነቱ ልብስ ከሆነ እዚያ ላይ አየዋለሁ አልኩ በልቤ።

«አንተ፣ እዚህ ላይ ትወጣለህ?»

«አንቱ ካሉ እሺ።»

«እሱን ልከህ አንተ ከታች ቆመህ ልታይ ነው?» አለች ባለቤቴ። ከዚያ እኔ የሌለሁ ይመስል ወደ ልጃችን ዞረች። «አባትሽ መሰላል ላይ መውጣት ይፈራል። ቤት ውስጥ አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ግን እውነት ሁሉ ሰው ፊት አይነገርም። ኮፍያዬን አውልቄ እጇ ላይ አስቀመጥኩላትና «ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት ጨዋውን። ልጄ ከዚህ ጉዞ ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ከመነሳታችን በፊት ነግራኛለች፤ ስንመለስ አንድ ቃል እፈልጋለሁ፣ ይምጡ ወይም አይምጡ፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልጠይቅህም ብላኛለች። እሷ አልጠይቅም ካለች አትጠይቅም። በእኔ ነው የወጣችው።

ወረፋው እንደ አንጀት ይጠማዘዛል። መግቢያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እኔ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ የአውቶቡስ ማስታወቂያ ይሁን፣ የሻምፑ ጠርሙስ ይሁን፣ የማላውቀው ሰው የሞት ማስታወቂያ ይሁን። የዚህኛውን ፊደል ግን አላውቀውም። ስንት ለፍቼ ሁለት ዓይነት ፊደል ብማር ሦስተኛ አመጡብኝ። ሥዕሉ ለማንም ይገባል። ልብ አለ፣ ወገብ አለ፣ አንገት አለ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አለች፤ ሁሉም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከእርግዝናው በቀር ሁሉም አለብኝ።

የወረፋው ጫፍ ላይ ደረስን። ባቡሩ መጥቶ ቆመ፤ ትንንሾቹ በሮች ተከፈቱ።

«ይቅደሙ አባ።»

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ ነውር ነው።»

«ቅደም አልኩህ።»

«አንቱ ሳይገቡ እንዴት እገባለሁ?»

በሮቹ ተዘጉ። ባቡሩ የሁለታችንን ወንበር ባዶ ይዞ ሄደ። እኔ ደስ አለኝ፤ እሱም ደስ ያለው መሰለኝ። ሌላው መጣ። «ይቅደሙ።» «ቅደም።» እሱም ሄደ። ከኋላችን ያሉት በአፍንጫቸው መተንፈስ ጀመሩ። ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሠራተኛ አንገቷን አዘንብላ ታየናለች። በዚህ ዓይነት እስኪዘጋ ድረስ ልንከባበር እንችል ነበር።

የሚቀጥለውን ስንጠብቅ ጨዋው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ፈርቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«አንቱ ስላሉኝ።»

«ገደል ግባ ብልህ ትገባለህ?»

ሐዲዱን ወደ ላይ አየው። «ይኸው ልገባ አይደል?»

ሳቄ መጣብኝ፤ ዋጥኩት። እንመለስ ልለው አፌን ስከፍት ባለ ቀይ ሸሚዟ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። በኋላ ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ እዚያ ባቡር እያሳለፈ የሚቆም ሰው የፊተኛውን ወንበር የሚጠብቅ ሰው ነው። ነገሩ ሱስ የሆነባቸው እንደዚያ ያደርጋሉ አሉ። ሠራተኛዋ እነዚህ ሁለት ጥቁር ሰዎች ለዚህ ብለው ከሩቅ አገር መጥተዋል ብላ አዘነችልን መሰለኝ። እየሳቀች ከሰልፉ አወጣችንና ወስዳ መጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጠችን። ከፊታችን ሰው የለም፣ ብረት የለም፣ ምንም የለም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ባንክ ውስጥ፣ ክሊኒክ ውስጥ ለሽማግሌ ቅድሚያ ስጡ ስል ኖሬያለሁ። አሽዶድ የነፈገችኝን ሆላንድ ሰጠችኝ።

ብረቱ ጭናችን ላይ ወረደ። ባቡሩ እየተንቀጫቀጨ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ወደብ ላይ ስሠራ ክሬን ዕቃ ሲያነሳ ማናችንም ከሥሩ አንቆምም ነበር፤ ዛሬ ዕቃው እኔ ነኝ። ላሞች አየሁ። ቦይ አየሁ። ከታች ከጉንዳኑ ሁሉ መሐል የባለቤቴን ነጭ ሻሽ አየሁ። ከዚያ ምድር ጠፋች።

ስለ ቀረው ብዙ አልጽፍም። ጮኽኩ። ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን እናቴን ጠራሁ፤ ስትዘገይብኝ አባቴን ጠራሁ። በየጠመዝማዛው ጨዋው በላዬ ላይ ይወድቃል፤ ቀጥሎ እኔ በእሱ ላይ እወድቃለሁ። እሱም ይጮኻል፣ በዕብራይስጥ ነው የሚጮኸው። ግን ትከሻው በመታኝ ቁጥር ጩኸቱን አቋርጦ «ይቅርታ አባ» ይላል። ተዘቅዝቀን፣ ሰማዩ ከእግራችን ሥር ሆኖ፣ «ይቅርታ አባ»። ይወልቃል ያልኩት አልወለቀም። ልብስ አልነበረም ማለት ነው።

ስንወርድ መውጫው ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ሴቶቹ ገና አያዩንም። አንዱን ግንድ ተደግፌ ቆምኩና ጠራሁት።

«ስማ። ሲጠይቁህ፣ አባ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት ትላለህ።»

«እሺ አባ።»

እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለውሸትም እሺ አለ። እኔ የፈራሁት ይሄንን ነው። ዛሬ እኔን ለማስደሰት እሺ ያለ፣ ነገ ሌላ ሰው ሚስትህን ዋሻት ቢለው እሺ ነው የሚለው።

ሴቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እሷ ቦታ ስትለቅልኝ ስድብ ነው።

«እህ፣ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ነፋስ አለው» አልኩ።

ልጄ እኔን አልጠየቀችም። ወደ እሱ ዞረች። «አባ ጮኸ?»

ጨዋው እኔን አየ። እሷን አየ። እንደገና እኔን አየ።

«ጮኸዋል» አለ። «ሁለታችንም ጮኸናል። የአባ ግን ይብሳል። መጀመሪያ እናታቸውን ጠሩ፣ ከዚያ አባታቸውን ጠሩ። አጎታቸው ጋ ሳይደርሱ ባቡሩ ቆመ።»

ባለቤቴ ሻሿን ስባ አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «አጎቱንማ አይጠራም» አለች ትንፋሿን ስታገኝ፤ «በመሬት ተጣልተው ነው የተለያዩት።»

«እሺ ብለኸኝ አልነበረም?» አልኩት።

«ብዬ ነበር አባ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የጠየቀችኝ እሷ ናት። እሷን አልዋሽም።»

ድምፁ ጣፋጭ አልነበረም። መሬቱንም አላየም፤ ዓይን ዓይኔን ነው ያየኝ። ፈርቷል፤ ከባቡሩ ይልቅ አሁን ነው የፈራው፤ ግን የተናገረውን አላጠፈም።

ውኃ ጠየቅሁ። ጠጣሁ። ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው?» አልኩት።

«አባ?»

«ልትልካቸው የምትፈልገው ሰዎች። እነማን ናቸው?»

«አጎቴ አሉ... ከዚያ ሁለት ዘመዶቻችን።»

«ጉልበታቸው ደህና ነው?»

አልገባውም። ልጄን አየ፤ እሷ ግን አልረዳችውም።

«አራተኛ ፎቅ ነን» አልኩት። «አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። የሕንፃው ኮሚቴ ሥራው መሰዳደብ እንጂ አሳንሰር ማሠራት አይደለም። በእናንተ ሰፈር በሮቫ ዩድ ዛይን ቁልፍ ተጭናችሁ መውጣት ለምዳችኋል፤ የእኛ ሰፈር ሮቫ ቫቭ ግን በእግር ነው። አንዱ ደረጃው ላይ ቢወድቅብኝ ደግሞ ሰው ገፍትሯቸው ነው ይላል። መውጣት የሚችሉትን ምረጥ። ከሰንበት በኋላ ይምጡ።»

ባለቤቴ ኮፍያዬን አንስታ ራሴ ላይ ደፋችልኝ፤ አጣማ ነው የደፋችው። ልጄ ፊቷን ወደ ሐይቁ መልሳ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች።