የገብሱ ማሳና ሁለቱ ትንበያዎች

1996 ዓ.ም.፣ ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ። ያን ሰኔ ዘንድሮ ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ንፋስ መውጫ መጥታ፣ ዓለም ወደፊት በምን ኃይል እንደምትኖር የተጻፉ ሦስት ትንበያዎችን ታወዳድር ነበር።

«እማ፣ አንዱ ነዳጅ ገና ይጨምራል ይላል። አንዱ ይቀንሳል ይላል። ሦስተኛው ፀሐይና ነፋስ ይተኩታል ይላል። የቱን ልመን?»

ግራ መጋባቷን አወቅሁት፤ እኔም አልፌበታለሁ።

ያኔ ገጠር ነበርን፤ እሷ ጡት ትጠባለች። በአንድ ሳምንት ሁለት ባለሙያዎች መጡ። አንደኛው «በአሥር ዓመት ውስጥ ማገዶ ያልቃል፤ ባሕር ዛፍ ትከሉ» ብሎ ለየቤቱ ችግኝ ሰጠ። ሁለተኛው «በአምስት ዓመት መብራት ይገባል፤ እንጨት የሚያነድ አይኖርም፤ እርሻችሁን አታበላሹ» አለ። እኛ ያለን ታርሶ ዘር የሚጠብቅ አንድ የገብስ ማሳ ነበር።

ባለቤቴ «ማገዶ ለቃሚዋ አንቺ ነሽ፤ አንቺው ወስኚ» ብሎ ራሱን ገላገለ። አማቴ ሳቁብኝ።

«የልጅ ልጄን የባሕር ዛፍ ቅጠል ልታበያት ነው?»

እውነትም ያ ማሳ የዓመት ቀለባችን ነበር። ማገዶው ግን በየዓመቱ ይርቅ ነበር። ኩበቱን ስለምናነደው መሬቱ ፍግ አጥቶ ገብሱም ከስቷል። ችግኙ ደግሞ ይጠወልግ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። የበዓላትን ቀን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ቆጥሬ እነግርሻለሁ። የማገዶሽን ነገር ግን አላውቅም» ብለው ፈገግ አሉ። «ለመሆኑ ምን ከሆነ ነው ያልቃል ያለው?»

«ሰው እንዲህ መቁረጡን ከቀጠለ።»

«መብራቱስ?»

«ምሰሶው እስከዚህ ከመጣ።»

«እነሱ እንዲህ ከሆነ አሉሽ። አንቺ ይሆናል ብለሽ ሰማሽ።»

ገባኝ ብል ዋሸሁ። እንደተምታታብኝ ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ «ታዲያ ማን ልክ ሆነ?» አለችኝ።

ብዙ ሰው ስለተከለ ማገዶው አላለቀም። መብራቱም ከተባለው እጅግ ዘግይቶ ገባ፤ ዛሬም ይመጣል፣ ይሄዳል። የዚህ ቤት ማገር ከዚያ ችግኝ ነው፤ ገብስም አላጣን። እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልክ እንደነበር ግን እስካሁን አላውቅም፤ ይህንኑ ነገርኋት።

«ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«በማግስቱ ጠዋት አንቺን አዝዬ፣ ጎርፍ በሸረሸረው፣ ገብስ በማይበቅልበት አፋፍ ላይ ችግኙን ተከልሁ። ከዚያ ተመልሼ፣ በሬ ጠምዶ ገብሱን እንዲዘራ አባትሽን ቀሰቀስሁት።»