ጫማ የማይወለቅበት አዳራሽ

ከፌርፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ ባለው የፈረንጆቹ የኤጲስቆጳል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ግን የፓርኪንግ ሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ መቃኑን ተሳለሙና በአንድ እጃቸው እየታገሉ ጫማቸውን አወለቁ። ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም።

“ጋሼ፣ እዚህ እኮ ጫማ አይወለቅም” አለች ሥርጉት። ለቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ አሮጌ ፎቶዎችን ስካን የምታደርገው እሷ ናት።

“እኛ ስደተኞቹ መጀመሪያ ያስቀደስነው እዚህ ነው። ለእኛ ይወለቃል።”

አንድ ፎቶ አቀረበችላቸው። ነጠላ የለበሱ ሐበሾች በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ሽማግሌው ሁሉንም በክርስትና ስማቸው ጠሩላት፤ “ወለተ ሚካኤል” ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ሻከረ።

“ሶ፣ ከጎኗ ያለውስ?” ሌባ ጣት በሌለው ቀኝ እጁ ጧፍ የያዘ ጎረምሳ ነው።

“አላውቀውም።”

“ሁሉንም አውቀው እሱን ብቻ?”

“አላውቀውም አልኩሽ! የእሷን ስም ጻፊ፤ እሱን ተዪው።”

ጻፈች። ሽማግሌው ሳይሰናበቱ ወደ በሩ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ጫማው ውስጥ አስገቡ። ክር ለማሰር ግን አንድ እጅ አይበቃም። ዞር ብለው አዩዋትና ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሌባ ጣቱ የለም።

ሥርጉት አይታ እንዳላየች ወደ ፎቶው አቀረቀረች። ከጎረምሳው ሥር “ያልታወቀ” ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር የቀራት። እጇ እምቢ አላት።